የጣራው መከታ

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያበጅ ታዟል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት የደሙ ዕዳ በቤቱ እንዳይሆን። እዚህ ዳባት ላይ ይህ ሲነበብ ግር ይላል። የእኛ ጣራ ሣር ወይም ቆርቆሮ ነው፤ ለጥገና ካልሆነ ማን ይወጣበታል? የእስራኤል ጣራ ግን ጠፍጣፋ ነበር። ረዓብ ሰላዮቹን የደበቀችው ጣራ ላይ ባሰጣችው የተልባ አገዳ ሥር ነው።

ፍሬ ነገሩን እንያዝ። ሕጉ ባለቤቱን «ክፉ አስበህ ነበር ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም። ቤት መሥራት መልካም ነው፤ ከመልካሙ ሥራ ሊመጣ የሚችለውን አደጋ አስቀድሞ ማየት ግን የሠሪው ግዴታ ነው። ዘፀአት ምዕራፍ 21ም ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወውን ሰው፣ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን ያስከፍለዋል። በሬው ለሞተበት ገበሬ የቆፋሪው ደግነት ምን ያደርግለታል?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን የሚወጋው ቤቱ ነው። ነገሩ የከተማ ሀብታም ጉዳይ አይደለም፤ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ጎንደርና ጅማ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጽሑፍ ኢንሱሊን የሚሹት የገጠር ሕሙማን በአብዛኛው ድሆችና ከሲታዎች እንደሆኑ አሳይቷል። በቀን ሁለቴ የሚወጋ ሰው በዓመት 730 ጊዜ ይወጋል። መድኃኒቱ መልካም ነው፤ ሲራክ ምዕራፍ 38 መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል። ጠበል ጀመርኩ ብላችሁ እንዳታቋርጡት።

ከተወጋን በኋላስ? መርፌውን ምድጃ ውስጥ እንጥለዋለን። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ብረቱ ይቀራል። አመዱ ጓሮ ይደፋል፣ ጓሮው ድንች ይተከልበታል፣ ድንቹን የምታርመው ሴት በጣቷ ታገኘዋለች። እሳት ያለፈበት መርፌ ቫይረስ ባይኖረው እንኳ ከአፈር ቴታነስ ሊያስገባ ይችላል። ሜዳ የተጣለውን ደግሞ ልጆች ውኃ መርጫ ያደርጉታል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን ሰው የወጋ መርፌ ያልተከተበን ሰው ቢወጋ፣ በሽታው የመያዙ ዕድል ከ100 እስከ 30 ይደርሳል።

መከታው ወፍራም የበረኪና ወይም የዘይት ጀሪካን ነው፤ የሃይላንድ ውኃ ፕላስቲክ ስስ ስለሆነ መርፌ ይበሳዋል። ተወግታችሁ እንደጨረሳችሁ፣ ቆቡን መልሳችሁ ሳትገጥሙ፣ ሳታጥፉት እዚያው ክተቱት፤ ብዙ ሰው የሚወጋው ቆቡን ሲመልስ ነው። ጀሪካኑን ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን አጥብቃችሁ በፕላስተር ጠቅልሉና የት እንደሚረከቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ጀሪካን ውድ ነው፤ ደፍቶ አጥቦ ለጠላ ማድረግ ያጓጓል። አይሆንም፤ ከነመርፌው ይሂድ።

«እግዚአብሔር ይጠብቀናል» የሚል አይጠፋም። ይጠብቃል። ዲያብሎስም ጌታችንን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር ያለው መላእክት ይጠብቁሃል ብሎ ነበር፤ ጌታችን ግን እምቢ አለው። መከታ አብጁ ያለንም ያው ጠባቂያችን ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰው ቢወጋስ? ቁስሉን አይጭመቀው፣ በአፉ አይምጠጠው፤ በውኃና በሳሙና ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ገበያ ነው፣ በዓል ነው ብሎ ለነገ አያሳድረው።