ዝም ያለው ራዲዮ

ብስራተ ወንጌል ራዲዮ በ1955 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት እስከ ተወረሰ ድረስ ብዙ አባቶችና እናቶች ቃሉን የሰሙት በትንሽ ራዲዮ ነበር። ዛሬ በኩታበር ገጠር የፀሐይ መብራትም ተጨምሯል። ሁለቱም ሲበላሹ ወደ ደሴ ይላካሉ ወይም ይጣላሉ። አንዳንዴ ግን የለቀቀችው አንዲት የብየዳ ነጥብ ብቻ ናት።

የመበየጃው ሽቦ ቆርቆሮና እርሳስ ነው፤ 60 በ40 የሚባለው በ190 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ጀማሪ ሽቦውን በመበየጃው ጫፍ ላይ አቅልጦ ቦርዱ ላይ ይለቀልቃል። ቦርዱ ስላልሞቀ ብየዳው አይዝም፤ እንደ ጤዛ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ያን ቀን ይሠራል። ዕቃው በአህያ ተጭኖ ሲንገላታ ዝም ይላል።

ባትሪውን አስቀድመን እናውጣ። የጋለውን ጫፍ መዳቡንና የዕቃውን እግር በአንድነት አስነክተን ሁለት ሦስት ሰከንድ እንቆይ፤ ከዚያ ሽቦውን ወደ ሞቀው ቦታ እንጂ ወደ መበየጃው አናስጠጋ። ሽቦው ይቅደም፣ መበየጃው ይከተል፤ እስኪረጋ አይነቃነቅ። ደኅና ብየዳ እንደ ጎጆ ክዳን ዙሪያውን ተዳፍቶ ይታያል። እርሳስ የሌለበት ሽቦ በ217 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ባያብረቀርቅም አያስደንግጣችሁ።

ጭሱ የሙጫው ነው፤ ሳንባ ይቆጣል፣ መስኮት ይከፈት። እርሳሱ የሚገባው በእጅ በኩል ነው። ስለዚህ ምሽት ላይ ለደስታቸው የሚበይዱ ወጣቶቻችን እንጀራ ከሚቀርብበት ቦታና ከሕፃናት ይራቁ፤ ሳይታጠቡም አይብሉ። ለመለማመጃ የሞተ ራዲዮ ቦርድ ይበቃል።