ወደብ የሚያደርስ የክፍያ መንገድ ሕግና የነጋዴው ሒሳብ

ዕቃ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ከነጋዴው መጋዘን እስኪገባ ድረስ የሚወጣው የመጓጓዣ ወጪ ሁሉ በመጨረሻ በዕቃው ዋጋ ላይ የሚታከል መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ስለሚከፈል ገንዘብ የሚደነግግ ሕግ የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ጉዳይ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ የተሠራው በመንግሥት ገንዘብና ከቻይና በተገኘ ብድር ስለሆነ ዕዳው የመንግሥት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076 ግን ሌላ በር ከፍቷል፤ ይኸውም የግል ኩባንያ ገንዘብ አምጥቶ ሠርቶ፥ በውሉ ዘመን ከተጠቃሚው ወይም ከመንግሥት በሚያገኘው ክፍያ ወጪውንና ትርፉን እንዲያወጣ ነው።

ለዚህ አሠራር ምሳሌ የሚሆነን ከደቡብ አፍሪቃ ወደ ማፑቶ ወደብ የሚወስደው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በተፈረመ ውል አንድ ኩባንያ መንገዱን እየሠራና እየጠበቀ ለ30 ዓመት እንዲያስከፍል ተፈቅዶለት፥ ዘመኑ ሲፈጸም ለሁለቱ መንግሥታት ሊመልስ ተዋዋለ።

እንዲህ ያለ ውል ሲታሰብ ነጋዴው አራት ነገሮችን ይመርምር።
1ኛ/ ታሪፉ የሚጨምረው በምን ስሌት ነው?
2ኛ/ የመኪናው ብዛት ከታሰበው ቢያንስ ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው? መንግሥት ዋስ ከሆነ በመንገዱ ያልሄደውም ግብር ከፋይ ይከፍላል።
3ኛ/ ያለ ክፍያ የሚኬድበት አሮጌው መንገድ መጠገኑ ይቀጥላልን?
4ኛ/ መንገዱ በውሉ ፍጻሜ የሚመለሰው በምን ይዞታ ነው?

ሒሳቡንም በግምት እንመልከት። 400 ኩንታል የጫነ መኪና 2,000 ብር ቢከፍል፥ በኩንታል 5 ብር ይደርሳል። ከጊዜ፥ ከነዳጅ፥ ከጎማና ከኮንቴይነር ኪራይ የሚተርፈው በኩንታል ከ5 ብር ከበለጠ ክፍያው ጥቅም ነው፤ ካነሰ ግን እንደ ተጨማሪ ቀረጥ ይቈጠራል። ነገር ግን የተረፈው ገንዘብ በባለመኪናው እጅ ቀርቶ ክፍያው በባለ ዕቃው ላይ እንዳይወድቅ፥ ድርሻቸውን በጭነት ውሉ ላይ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

የ30 ዓመት ውል አንድ ጊዜ ከተፈረመ የሚያሻሽለው በብዙ ድካም ነው። ስለዚህ ነጋዴዎች አሳባቸውን በምክር ቤታቸው በኩል የሚያቀርቡበት ተገቢ ጊዜ ረቂቁ ገና በጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው።