ስለ ዘይት ፕሬስ አመራረጥ

ፕሬስ ስንል ጋዜጣ ማለታችን እንዳልሆነ አስቀድመን እናስታውቃለን። የምንናገርለት ፕሬስ በዘይት ግፊት ብረትን ከብረት የሚያላቅቅና የሚያጋጥም፣ በደህና ጋራዥ ሁሉ ጥግ ይዞ የሚቆመው መሣሪያ ነው። ከመካከላችን የአባቱን ወይም የአጎቱን አሮጌ መኪና ቅዳሜና እሑድ በግቢው ውስጥ የሚፈታ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ከነዚሁ አንዳንዶቹ ገንዘብ አዋጥተው ፕሬስ ለመግዛት ስለ ተነሡ፣ የትኛውን እንግዛ ለሚለው ጥያቄ የምናውቀውን ለማካፈል ይህን ጽፈናል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ቀድሞ የገባው ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ይጠበቃል። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ሞተሩ ተለወጠ እንጂ ጎማው የሚዞረው ያው በኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታ ደግሞ በመዶሻ የሚገባ ዕቃ አይደለም።

ይህን ነጥብ ጥቂት እናብራራው፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ነውና። ኩሽኔታ ሁለት ቀለበቶችና በመካከላቸው የሚንከባለሉ ኳሶች አሉት። የውጪው ቀለበት በቤቱ ውስጥ፣ የውስጡ ቀለበት በሞዞው ላይ ጠብቆ ይቀመጣል። ስለዚህ ኩሽኔታው ወደ ቤቱ ሲገባ መገፋት ያለበት የውጪው ቀለበት ነው። ሞዞው ሲገባ ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከሥር ድጋፍ ማግኘት አለበት። ይህ ከተገላበጠ ኃይሉ ሁሉ በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ፣ ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ይሰረጉዳል። ስርጉዱ ለዓይን ላይታይ ይችላል፤ መኪናው ግን ጥቂት እንደ ሄደ ማጉረምረም ይጀምራል፣ ባለቤቱም ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው እያለ ሻጩን ይረግማል። በመዶሻ የገባ ኩሽኔታ ከዚህ ዕጣ የሚያመልጠው በዕድል ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል በሚወርድ መኪና ላይ የፊት ጎማ ሲወላገድ ምን እንደሚከተል መዘርዘር አያስፈልገንም።

አሠራሩን በፊዚክስ ትምህርት ሁላችንም አይተነዋል። ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ገለጸው፣ በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በዚሁ ሕግ ተመርቶ ፕሬስ ሠርቶ በ1795 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘበት። የፓምፑ ፒስቶን ስፋት 1.2 ሳንቲ ሜትር፣ የትልቁ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የገጻቸው ብልጫ 25 እጥፍ ነው። እጀታው ኃይላችንን 15 ጊዜ ካበዛው፣ በ20 ኪሎ የእጅ ግፊት 7,500 ኪሎ እናገኛለን። በነፃ ግን አይደለም፤ ፓምፑ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ትልቁ ፒስቶን የሚሄደው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 20 ቶን ለመድረስ እጃችን ወደ 53 ኪሎ መግፋት ይኖርበታል። በየጋራዡ እጀታው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ መጫን የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው። ቱቦው ለሰውየው ይቀልለታል፤ ክፈፉ ግን የተሠራለትን ልክ አልፎ ይሸከማል።

ታዲያ ስንት ቶን ይበቃል? ለክሮቸራና ለትንንሽ ቦኮላ 12 ቶን አያንስም። ዝገት የያዘው የሞዞ ኩሽኔታ ሲመጣ ግን 12 ቶኑ ይጨነቃል፤ ስለዚህ ለግቢ ሥራ 20 ቶን እንመርጣለን። 50 ቶን ለከባድ መኪና ጋራዥ ነው፤ ለተማሪ ኩራት ነው እንጂ ጥቅም አይደለም። (ክሮቸራ፣ ቦኮላ፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ የቀሩልን ቃላት ናቸው። ጣልያን ሲሄድ የጋራዡ መዝገበ ቃላት ሳይሄድ ቀረ።)

ከፒያሳ ተነሥተን በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተሻግረን ወደ መርካቶ ስንወርድ ልናስብበት የሚገባው ግን ከቶኑ ይልቅ ክፈፉ ነው። በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ስም የሚጠራው ይህ ድልድይ ጭነቱን በሁለት ዳር እንደሚያሳርፍ፣ የፕሬስም ገበታ በሁለት ካስማዎች ላይ ያረፈ ድልድይ ነው። 20 ቶን ማለት 200 ኩንታል ነው፤ አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ይጭናል ብንል፣ የአራት አይሱዙ ጭነት በአንዲት ጠባብ ገበታ መካከል አረፈ ማለት ነው። በክሪኩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የክሪኩን አቅም ይናገራል፤ ስለ ክፈፉ አንዳች ቃል አይናገርም። ስለዚህ ብየዳውን በጣታችን እንዳስስ፤ ጎንና ጎኑ እኩል መሆኑን በሜትር እንለካ፤ ካስማዎቹ ያለ መወላገድ መግባታቸውን እንይ።

ከምናለሽ ተራ ወፍራም ብረት ገዝቶ፣ የከባድ መኪና ክሪክ አስገብቶ በብየዳ ማሠራት ርካሽ መንገድ ነው፤ የሚያሠሩም ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ብየዳውን ማን አሰላው ብለን እንጠይቃለን። መልሱ «ከዚህ በፊት ሠርቼ አልተሰበረም» ከሆነ፣ ገንዘባችንን በኪሳችን ይዘን ብንመለስ ይሻላል።

በሱቁ ውስጥ ሳናፍር ፈተና እናድርግ። ከፒስቶኑ ሥር ወፍራም ብረት አስቀምጠን ጥቂት ቶን እንጫንና አሥር ደቂቃ እንጠብቅ። የግፊት መለኪያው ከወረደ ወይም ዘይት ካላበ አንገዛም። መለኪያ የሌለውንም አንመክርም፤ ምክንያቱም የተጣበቀ ዕቃ ሊለቅ ወይም ሊሰበር ሲል አስቀድሞ የሚነግረን መርፌው ነው። በአየር የሚሠራው ዓይነት ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቆሞ ከማየት የእጅ ፓምፑ ይሻላል። ዘይት ሲጎድል የሃይድሮሊክ ዘይት እንጂ የፍሬን ዘይት አይጨመርም፤ የፍሬን ዘይት ለዚያ ያልተሠራውን ጎሚኒ ያብጣልና። የተከራየ ሰው በቡሎን የሚፈታውን ክፈፍ ቢመርጥ መልካም ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ ቤት ሲፈርስ እንዳየነው፣ ዕቃ ጠቅልሎ መነሣት ሊመጣ ይችላል።

ከመግዛት በፊት ግን መኪናችንን እንወቅ። የቪትዝ የፊት ኩሽኔታ ፕሬስ ይፈልጋል፤ የኋላው ግን ከነሞዞው ተገጥሞ የሚመጣ ስለ ሆነ በቡሎን ይታሰራል። ከ1966 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው ቮልስዋገን የፊት እግሩ መጋጠሚያ ኳሶች በፕሬስ የሚገቡ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያስፈልግ ሥራ ቶርኖ ቤት ወስዶ ጥቂት ብር መክፈል ያዋጣል፤ አምስት ስድስት ሆነው ለሚያዋጡ ግን መግዛቱ ተገቢ ነው።

ኩሽኔታ ጠንካራ ስለ ሆነ ሲሰበር እንደ መስታወት ይበተናል። ስለዚህ መነጽር እናድርግ፤ በዕቃውና በፊታችን መካከል ወፍራም ላሜራ እናቁም፤ ፓምፑንም ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ቆመን እንምታ። የወጣውን አሮጌ ኩሽኔታ የውጪ ቀለበት ደግሞ አንጣለው። ጀርባውን በሞላ ጥቂት አሳስተን ብንይዘው፣ ቤቱ ውስጥ ሳይጣበቅ ለሚቀጥለው ኩሽኔታ ልክ የሆነ መግፊያ ይሆነናል።