አዲስ የተጫነ ፎንት ሳይታይ ሲቀር

ነጋዴው ለጨረታ የሚያቀርበውን የዋጋ ዝርዝር በአማርኛ አሳምሮ ለማዘጋጀት አዲስ ፎንት ይጭናል፤ ነገር ግን የሚጽፍበትን ፕሮግራም ሲከፍት ስሙን ያጣዋል። የማስገቢያው ሰዓት ሳያልፍ ምክንያቱን በተራ መመርመር ይገባል።

1ኛ፤ ፋይሉ በዚፕ የታሸገ ከሆነ አስቀድሞ ተፈትቶ ይጫን።

2ኛ፤ ብዙ ፕሮግራሞች የፎንቶችን ዝርዝር የሚያነቡት በሚከፈቱበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሥራው ከተቀመጠ በኋላ ፕሮግራሙ ተዘግቶ እንደገና ይከፈት።

3ኛ፤ የፎንቱ ስም ከፋይሉ ስም ሊለይና በላቲን ፊደል ሊጻፍ ስለሚችል በዚያው ይፈለግ።

4ኛ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ወዲህ፣ በተለመደው መንገድ የተጫነ ፎንት የሚቀመጠው ለጫነው ሰው ብቻ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞችም አያገኙትም። መድኃኒቱ ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ለሁሉም ተጠቃሚዎች የሚጭነውን ትእዛዝ መምረጥ ነው።

ፎንቱ በተቀባዩ ዘንድ ላይኖር ስለሚችል፣ የተጠናቀቀውን ሰነድ በፒዲኤፍ መላክ ከኪሳራ ያድናል።