ኮርኒሱ ሳይዘጋ፦ በጣራ ውስጥ ስለሚቀበር የኤሌክትሪክ መብራት

የቤት ንጽሕና በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ወለሉ መጠረግ፥ ስለ ውኃው መፍላትና ስለ መጸዳጃ ቤቱ አያያዝ ነው። እኛም በየወሩ በምናወጣው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ እነዚሁ ነው። ይሁን እንጂ የቤተ ሰብ ሕይወት የሚጠበቀው ዓይን በሚያየው ሥፍራ ብቻ አይደለም። ከራሳችን በላይ፥ በኮርኒሱና በጣራው መካከል ያለው ጨለማ ቦታም የቤቱ አካል ነው። አቧራ ይከማችበታል፤ አይጥ ጎጆ ይሠራበታል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም ያልፍበታል። ስለዚህ የዚህ ወር ትምህርታችን በኮርኒስ ውስጥ ስለሚቀበረውና በተለምዶ ስፖት ላይት ስለሚባለው መብራት ይሆናል።

በከተሞቻችን አዲስ ቤት የሚሠራ ወይም የቆየ ቤቱን የሚያድስ ሰው ኮርኒሱን በጂፕሰም አሠርቶ ስድስት ወይም ስምንት ትንንሽ መብራቶች ማስቀበር ይወዳል። ነገሩ ያምራል፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ተንጠልጥሎ የሚበራ አምፑል ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሲሰጥ፥ የተቀበረው መብራት ሙቀቱንም የሽቦውንም መጋጠሚያ ከዓይናችን ይሠውራል። አደጋውም የሚነሣው ከዚሁ ከመሠወሩ ነው።

1ኛ፤ ስለ ሙቀት

ክር ያለው የቀድሞው አምፑል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለወጠው ከ100 እጅ 10 እጅ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ነው። በኮርኒስ ውስጥ ሲቀበር የኖረው ትንሹ የ50 ዋት ሃሎጅን አምፑል ደግሞ፥ በብዙዎቹ ዓይነቶች መስተዋቱ ብርሃኑን ወደ ታች ሲመልስ ከሙቀቱ ብዙውን ወደ ኋላ፥ ማለት ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ያሳልፈዋል። ዛሬ በገበያ የበዛው ኤልኢዲ ለተመሳሳይ ብርሃን ከ5 እስከ 7 ዋት ያህል ስለሚበቃው እጅግ የተሻለ ነው። ቢሆንም ፈጽሞ የማይሞቅ አይደለም፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ መብራቱ ዕድሜው ሳይደርስ ይበላሻል።

በቤት ውስጥ የሚዘረጋው ሽቦ የፕላስቲክ ልባስ አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚህ በላይ ለረጅም ጊዜ የሞቀ ልባስ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፥ በመጨረሻም መዳቡ ይገለጣል። ስለዚህ ከመብራቱ በላይና በዙሪያው ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል፤ መጠኑም ከዕቃው ጋራ በሚመጣው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ፎም፥ ጨርቅ፥ ሣር፥ ወረቀትና የእንጨት ፍቅፋቂ ከአጠገቡ መገኘት የለባቸውም። በቆዩ ቤቶች በሚገኘው የአቡጀዲ ኮርኒስ ላይ ግን እንዲህ ያለውን መብራት ፈጽሞ መቅበር አይገባም።

2ኛ፤ ስለ መጋጠሚያ

ብዙ ሰው፥ «ብሬከር አለኝ፤ አደጋ ቢመጣ ይቆርጠዋል» እያለ ይተማመናል። መተማመኑ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። ብሬከር የሚቆርጠው በሽቦው የሚያልፈው ኃይል ከመጠን በላይ ሲሆን ነው። በደንብ ያልጠበቀ መጋጠሚያ ግን ኃይሉን አያበዛውም፤ መንገዱን ያጠበዋል እንጂ። በሰፊ መንገድ ይሄድ የነበረ ሕዝብ በጠባብ በር ሲያልፍ እንደሚጋፋ፥ ኤሌክትሪክም በላላው መጋጠሚያ ላይ ይጋፋል፤ ያ ሥፍራም ይግላል። መብራቱ እንደ ወትሮው ይበራል፥ ብሬከሩም ዝም ይላል፥ መጋጠሚያው ግን ከኮርኒሱ በላይ ቀስ በቀስ ይከስላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቤተ ሰቡ ከሥሩ ተኝቶ ሳለ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ በኮርኒሱ ላይ መጣል ክልክል ሊሆን ይገባል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ብሎን ባለው ወይም ለዚሁ በተሠራ ማያያዣ ጠብቆ፥ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይግባ፤ ሣጥኑም ኋላ ለምርመራ እጅ የሚደርስበት ይሁን። ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ በኮርኒሱ ላይ ተዝረክርኮ የተኛውን ሽቦ አይጥ ይቆረጥመዋልና። ለመብራት የሚዘረጋው የመዳብ ሽቦ ውፍረት በተለምዶ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር፥ የሚጠብቀውም ብሬከር 10 አምፔር ነው። ብሬከሩ ደጋግሞ ቢወድቅ ምክንያቱ ይፈለግ፤ በሚበልጥ ብሬከር መለወጥ ሽቦውን ያለ ጠባቂ መተው ነው።

3ኛ፤ ስለ ንዝረት

በሀገራችን ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ይህም ሰውን ለመግደል ይበቃል። ስለዚህ የብረት አካል ያለው መብራት ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ካለው የመሬት ሽቦ ጋራ መያያዝ አለበት። በላዩ በአራት ማዕዘን ውስጥ ሌላ አራት ማዕዘን የተሣለበት ዕቃ ግን በድርብ ልባስ የተሠራ ስለ ሆነ ይህ አያስፈልገውም። ማብሪያ ማጥፊያውም የሚቆርጠው ፌዙን ይሁን። ኒውትራሉን የሚቆርጥ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ኃይሉ በመብራቱ ላይ ይቆያል፤ አምፑል ሊለውጥ የወጣ ሰውም ሳያስበው ይያዛል። ከዚህም በላይ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጠውን አርሲዲ የተባለ መሣሪያ ከቆጣሪው ቀጥሎ ባለው ሣጥን ማስገባት እጅግ ጠቃሚ ነው።

በመታጠቢያ ቤት ጥንቃቄው ይበልጣል። ከመታጠቢያው ገንዳ በላይና ከጠርዙ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ የሚገባ መብራት የውኃ ፍንጣቂ የማያሳልፍ መሆን አለበት፤ ምልክቱም በዕቃው ላይ «አይፒ 44» ተብሎ ይጻፋል።

4ኛ፤ ኮርኒሱ ሳይዘጋ ስለሚደረግ ምርመራ

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፥ «ጨርሻለሁ» ይላል፤ የጂፕሰም ሠራተኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ የቤቱ ባለቤትም የቀን ሒሳብ እንዳይበዛበት፥ «ዝጉት» ይላል። ያች ሰዓት ከሥራው ሁሉ የከበደች ናት፤ ከዚያ በኋላ ስሕተቱን የሚያይ ዓይን የለምና። ስለዚህ ባለቤቱ መሰላል ወጥቶ፥ ዋናው ማጥፊያ ጠፍቶ ሳለ፥ ሠራተኛውን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦

መጋጠሚያው ሁሉ በሣጥን ውስጥ ነውን? አንድ በአንድ ሲጎተትስ ይጸናልን?
የመሬቱ ሽቦ ለሚያስፈልገው መብራት ሁሉ ደርሷልን?
በመብራቶቹ ዙሪያ የሚቃጠል ነገር አልቀረምን?
መብራቶቹ ሳይገጠሙ የሽቦው ልባስ በ500 ቮልት መለኪያ ተለክቶ ከ1 ሜጋ ኦም ያላነሰ ሆኗልን?

በጎ ሠራተኛ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ ይልቁንም ሥራው ስለ ታየለት ይደሰታል። ሠራተኛውም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንቦች ውስጥ 10ኛው ስለ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ብቻ የተጻፈ መሆኑ፥ ነገሩ ለግምት የማይተው መሆኑን ያሳያል።

5ኛ፤ ስለ ምልክቶችና ስለ መጀመሪያ ርዳታ

መብራቱ ቢርገበገብ፥ ጢስ ጢስ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ቢሸት፥ በመብራቱ ዙሪያ ኮርኒሱ ቢጠቁር፥ ማብሪያውን ሲነኩ ቢነዝር፥ ወዲያው ከብሬከሩ አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መንካት አይገባም፤ አስቀድሞ ዋናውን ማጥፊያ መዝጋት፥ ይህ ባይቻል በደረቅ እንጨት ከሽቦው ማለያየት ነው። ከዚያም ትንፋሹን መመልከትና ርዳታ መጥራት ይገባል፤ ደኅና ቢመስልም ወደ ሐኪም ይወሰድ። የተቃጠለውን ገላ 20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ማብረድ እንጂ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ጎጂ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ኮርኒሱን ለመዝጋት አንድ ቀን መዘግየት የአንድ ቀን ሒሳብ ያስከፍላል፤ ሳይመረመር የተዘጋ ኮርኒስ ግን የሚያስከፍለው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቤት የምትሠሩና የምታድሱ ሁሉ፥ ከመዘጋቱ በፊት ቀና ብላችሁ እንድትመለከቱ አደራ እንላለን።