ጀበናውን ተዉትና ፎቶውን ዳኙ

የአማተር ፎቶ አንሺዎች ክበብ ውድድር ባዘጋጀ ቁጥር ዳኛ ይጎድላል። በጆርጂያዋ ቻምብሊና አካባቢዋ እየኖርን ቅዳሜና እሁድ ካሜራ አንግተን የምንዞር ሀበሾችም አንድ ቀን «እስቲ ዛሬ እናንተ ዳኙልን» መባላችን አይቀርም። ከሩቅ ሲያዩት ሥራው ፎቶ አይቶ ቁጥር መጻፍ ነው። ከቀረቡት ግን ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው የተሰማችሁ ስሜት ከፎቶው ይምጣ ከራሳችሁ ሆድ መለየት ነው፤ ሁለተኛው ያያችሁትን ለባለቤቱ ፊት ለፊት መናገር።

አስቀድማችሁ ፋይሎቹ ያለ ስም እንዲላኩላችሁ ጠይቁ፤ የየዘርፉንም ደንብ አንብቡ። ውድድሩ በፕሮጀክተር የሚታይ ከሆነ በዚያው ፕሮጀክተር አንዴ እዩዋቸው፤ ስልክ ላይ በደንብ የሚታይ ጥላ እዚያ ሲደርስ ድፍን ጥቁር ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ምንም ቁጥር ሳትጽፉ ሁሉንም ፎቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እለፉ። ይህን ዙር አትዝለሉት። መጀመሪያ የቀረበው ፎቶ 7 ካገኘ የተቀረው ሁሉ በእሱ ይለካል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም ደካማው ሊሆን ይችላል። ከ10 የምትሰጡ ከሆነ 6ን መነሻ አድርጉ፤ ፎከሱ ልክ፣ ብርሃኑ ልክ፣ የሚያስደንቅም የሚያስቀይምም ነገር የሌለው ፎቶ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ላይ ለመውጣትም ሆነ ወደ ታች ለመውረድ ምክንያት ይኑራችሁ።

አሁን ቀስ በሉ። ከእኛ ሰዎች የሚቀርበው ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከአገር ቤት ጉዞ የመጣ ነው፤ ቡና የምታፈላ እናት፣ ነጠላ ያጣፋ ምእመን፣ ከላይ ወደ ታች የታየ ቤተ ጊዮርጊስ። አገሩን ለዓመታት ላላየ ዳኛ ጀበናው ብቅ ሲል ሆዱ ይባባል፤ እጁም 9 ይጽፋል። ያን 9 ያገኘው ጀበናው ነው። ፎቶ አንሺው ምን ሠራ? የእጣኑ ጭስ እንዲታይ ብርሃኑን ከየት በኩል አመጣው? ሲኒዎቹ እንዲህ ጥርት ብለው ከኋላ ያለው ቴሌቪዥን ለምን አብሯቸው ጥርት አለ? የእናትየው እጅ ከአንጓው ላይ የተቆረጠው ታስቦበት ነው ወይስ ተረስቶ? መልስ ካጣችሁ 9ኙን ሰርዙ።

ላሊበላ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ከተማዋ ያሏት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከእ.ኤ.አ. 1978 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ መስቀል ስለሆነም ጎብኚው ሁሉ አፋፉ ላይ ቆሞ ያንኑ ያነሳል። መስቀሉን የጠረቡት የጥንት ሰዎች ናቸው፤ እነሱ አልተወዳደሩም። ፎቶ አንሺው የጠዋቱን ጥላ ጠብቆ፣ ወይም አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ግድግዳው ጥግ እስክትደርስ ታግሦ ከሆነ ግን የራሱን ድርሻ ጨምሯልና ነጥቡን አትንፈጉት።

እኔ የምጠቀምበት አቋራጭ ፎቶውን ዘቅዝቆ ማየት ነው። ሲዘቀዘቅ ጀበናው ጀበናነቱ ይደክምና ብርሃን፣ ጥላ፣ መስመርና ባዶ ቦታ ብቻ ይቀራሉ። ተዘቅዝቆም ዓይን ከያዘ አቀማመጡ ታስቦበታል። የሚስቁብኝ አሉ፤ እናንተ ግን ሞክሩት።

ናፍቆት እንዳያታልለኝ ብሎ በአገር ቤት ፎቶ ሁሉ ላይ መጨከንም ዳኝነት አይደለም። የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው ይህች ባለሙያ ፊታቸው በቀለም የተቀባ ሴቶችን በደማቅ ቀይና ሰማያዊ መካከል እያቆመች ታነሳለች፤ የአገሩ ነገር አለ፣ ግን ለመታወስ ብቻ የቀረበ አይደለም። ከዳኞቹ መካከል ሀበሻ እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ የምታውቁትን አትደብቁ። በጥምቀት ፎቶ ላይ «ካህኑ የተሸከመው ነገር ለምን ተሸፈነ?» ብሎ ነጥብ የሚቀንስ ዳኛ ታቦት ለሕዝብ ዓይን እንደማይገለጥ አያውቅም። ንገሩት፤ ነጥብ ግን አትለምኑለት።

ነጭ ልብስና ጠይም ፊት አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ወጥመድ አለ። ካሜራ የሚለካው ፍሬሙ ውስጥ የገባውን ብርሃን ነው፤ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ፍሬሙን ሲሞሉት ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል፣ ፊትም አብሮ ይጨልማል። የጆርጂያ የቀትር ፀሐይ ከተጨመረበት የነጠላው ድር ጠፍቶ ወረቀት ይመስላል። ስለዚህ ሁለት ቦታ እዩ። ነጠላው ላይ የሽመናው ድር ይታያል? ዓይኑ ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ አለች? ሁለቱም ካሉ ፊቱ የቱንም ያህል ቢጠቁር ብርሃኑ ልክ ነው፤ «ፊቱን ትንሽ ብታፈካው» የሚል ምክር አትስጡ። ኮዳክ የቀለም ሕትመትን ለማመሳከር ለላቦራቶሪዎች ሲልክ የኖረው ካርድ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ልኩ ለረጅም ጊዜ የተወሰደው ከእሷ ቆዳ ነው። ያን ልክ እኛው በራሳችን ፊት ላይ የምናስቀጥልበት ምክንያት የለም። ዓይኑ ጠፍቶ ድሩ ብቻ ከታየ ግን ምክሩ ሌላ ነው፤ ነጭ ሲበዛ የካሜራውን የብርሃን ማካካሻ ከዜሮ ወደ +1 አካባቢ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ሰውየውን ጥላ ውስጥ ማቆም።

እዚሁ ሰፈር የተነሱት ይቀላሉ። ቻምብሊ ውስጥ አይሮፕላን አይጠፋም፤ ፒችትሪ ዲካልብ አየር ማረፊያ ዳር መናፈሻ ስላለ ልጅ ይዞ የሄደ ሁሉ ያነሳል። ፕሮፔለሩን እዩ። በ1/2000 ሰከንድ ከተነሳ ደርቆ ይቆምና ሞተሩ አየር ላይ የጠፋ ይመስላል፤ በ1/125 አካባቢ ከሆነ ሽክርክሪቱ ይታያል፣ አካሉ ጥርት እንዲል ግን ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከአይሮፕላኑ ጋር እኩል ማዞር ነበረበት። ይህ ችሎታ ነው፤ ነጥብ ስጡበት። ቢፎርድ ሃይዌይ ላይ በስፓኒሽ፣ በኮሪያ፣ በቬትናምና በቻይና ቋንቋ የተጻፈው ታፔላ ሁሉ ቀለሙ ያማልላል። ታፔላውን የሣለው ሌላ ሰው ነው፤ ከሥሩ ያለፈውን ሰው ጠብቆ የያዘው ግን ፎቶ አንሺው ነው።

ኤዲት ላይ አትጨቃጨቁ፤ ደንቡ ይፍረድ። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልክ እያነሳ፣ ከአካባቢያቸው ቆርጦ በአንድ ወጥ ቀለም ላይ ባስቀመጠበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የድጋፍ ሽልማት አግኝቷል። ያው ሥራ በፈጠራ ዘርፍ ያሸልማል፤ በዜና ዘርፍ ቢቀርብ ከበር ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ያለው መናገር ነው፣ ብዙ ዳኛም የሚወድቀው እዚህ ነው። ስም ተደብቋል ቢባልም ትንሽ ክበብ ውስጥ ጎንደር ደርሶ የመጣው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጋሼ ከፊታችሁ ተቀምጠዋል፤ ይሉኝታ ይይዛችኋል፤ ለሁሉም «በጣም ቆንጆ ነው» ትሉና ሁሉም 8 ይዞ ይሄዳል። ያን ቀን ማንም ምንም አልተነገረውም። ሌላው ደግሞ ይሉኝታ የለኝም ለማለት ስድስት ስህተት በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝራል፤ ሰውየው ሁለቱን ሰምቶ ለአራቱ ጆሮውን ይዘጋል፣ በሚቀጥለው ወር ይቀራል። እኔ የምላችሁን ደንብ የያዝኩት በሰው ኩርፊያ ነው።

መጀመሪያ ያያችሁትን በቀላሉ ተናገሩ፤ «ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ልጅቷ የያዘችው ጧፍ ላይ ነው» ማለት ከብዙ አድናቆት ይበልጣል፣ ሰውየው ፎቶው በሌላ ሰው ዓይን ምን እንደሠራ ያውቅበታል። ቀጥሎ አንድ የሚስተካከል ነገር ብቻ አንሡ፤ አንድ ብቻ። ሲነገርም ስለ ፎቶው ይሁን፦ «ጋሼ፣ መስኮቱ ከኋላቸው ስለሆነ የአባ ፊት ጠፍቶብናል፤ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ቢሉ ኖሮ እናየው ነበር።» «እኔ ብሆን» አትበሉ፤ እናንተ እዚያ አልነበራችሁም። በምን ካሜራ እንደተነሳም አትጠይቁ። የሚስተካከለውን ስትመርጡ ሰውየው ተመልሶ ሊያነሳው ይችል እንደሆነ አስቡ። ቢፎርድ ሃይዌይ ነገ ይገኛል፤ «ብርሃኑ እስኪለሰልስ ጠብቅ» ማለት ይቻላል። ለጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ ፎቶ ግን የሚቀጥለው ዕድል ጥር 11 ነው፣ ያውም ቲኬት ከተገኘ። እንዲህ ላለው በእጁ ባለው ፋይል ሊሠራ የሚችለውን ንገሩት፦ ከግራ በኩል ትንሽ ክሮፕ አድርገው፣ ሰማዩን አጨልም።

ከዚያ ዝም በሉ። ባለቤቱ ሊከራከር ይፈልግ ይሆናል፤ መልሱን ለሻይ ሰዓት አቆዩት።

ሁለት ፎቶ እኩል ከወጡ አሳንሳችሁ እንደ ጉርድ ፎቶ አስቀምጧቸው፤ ርቀት ላይ ሆኖም የሚታወቀው ይቅደም። ወረቀታችሁን ስሞቹ ከመገለጣቸው በፊት አስረክቡ፤ ከተገለጡ በኋላ ቁጥር እንዳትነኩ። ወንድማችሁ፣ የክርስትና ልጃችሁ ወይም የዕቁብ ሰብሳቢያችሁ የሚወዳደርበት ወር ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ወንበሩን ለሌላ ሰው ልቀቁ።