«ስርቆት አይደለም» ስለተባለ ሐላል ነውን?



ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ከማስተዳድረው ወረቀትና እስክሪብቶ ለልጆቼ ይዤ እገባ ነበር። ሁሉም የሚያደርገው በመሆኑ ራሴን ከሌባ ቆጥሬ አላውቅም። አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ በሰፈራችን መስጊድ ስለ ስርቆት ደርስ ተሰጠና ሸኹን «ይህ የእኔ ነገር ስርቆት ነውን?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አይደለም» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል «ቁጭ በል ልጄ፤ ገና አልጨረስኩም» አሉ።

«ሰረቀ» የሚለው ቃል በዐረብኛም በአማርኛም አንድ ነው። በዐረብኛ ቋንቋ መሠረቱ ተደብቆ መውሰድ ነው። ስለዚህም ቁርኣን በሱረቱል ሒጅር አንቀጽ 18 ላይ የሰማይን ወሬ ተደብቆ የሚያደምጠውን ሰይጣን በዚሁ ቃል ይገልጸዋል።

በሸሪዓ ግን ትርጉሙ ጠበብ ይላል። የፊቅህ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ስርቆት ማለት የሌላን ሰው ንብረት ከተጠበቀበት ስፍራ (ሒርዝ) በድብቅ መውሰድ ነው። ዋጋውም ከተወሰነው መጠን (ኒሷብ) መድረስ አለበት። ይህ መጠን በብዙኃኑ ዑለማእ ዘንድ ሩብ ዲናር፣ በሐነፊዮች ዘንድ 10 ዲርሃም ነው። በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 38 የተደነገገው ቅጣት የሚመለከተው ይህን ብቻ ሲሆን፣ ጥርጣሬ ከገባበትም ይነሳል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በረሃቡ ዓመት ቅጣቱን እንዳላስፈጸሙ ተዘግቧል።

በግልጽ ነጥቆ የሚሮጠው «ሙኽተሊስ»፣ በጉልበት የሚቀማው «ጋሲብ»፣ የታመነበትን የሚበላው «ኻኢን» ይባላል። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ውንብድናን በ670፣ እምነት ማጉደልን በ675 ለያይቶ ይደነግጋል።

ሸኹም ወደ እኔ ጉዳይ ተመልሰው እንዲህ አሉ፦ «ሌባ የተዘጋ በር ሰብሮ ይገባል። ለአንተ ግን ቁልፉን አምነው ሰጥተውሃል። ስምህ ኻኢን ነው፤ በአማርኛችን አደራ በላ። እጅህ አይቆረጥም፤ ቃዲ ግን በተዕዚር ሊቀጣህ ይችላል። እርሱ ባይቀጣህ እንኳ የወሰድከው ዕዳ ሆኖ አንገትህ ላይ ይኖራል። የሰው ሐቅ ያለበት ተውበት ሐቁ ለባለቤቱ ካልተመለሰ አይሟላም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን ያህል እንደወሰድኩ በትክክል አላውቅም ነበርና አብዝቼ ገመትኩ። ከደመወዜ እየቆጠብኩ ገዝቼ፣ ለአለቃዬም ነግሬ መለስኩ። አለቃዬ «ለዚህች ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ቀለለኝ።

ወንድሞችና እህቶች! ዛሬም የመሥሪያ ቤት ዕቃ ይዞ የሚገባ፣ ሚዛን የሚያጎድል፣ የወላጅ አልባ ልጆችን ውርስ የሚያስተዳድርበት ሰበብ አድርጎ የሚበላ ሰው «ሰርቄአለሁ እንዴ?» ይላል። ሕጉ ስርቆትን አጥብቦ የተረጎመው የሰው እጅ በጥርጣሬ እንዳይቆረጥ ነው፤ የሰው ገንዘብ እንዲበላ አይደለም። እስቲ እያንዳንዳችን ቤታችን ያለውን ዕቃ «ባለቤትህ ማነው?» ብለን እንጠይቀው።

ወላሁ አዕለም።